የቅቤ ዳኛዋ የወይዘሮ ትርሲት ስመኘው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ትርሲት ከአባታቸው ከአቶ ስመኘው ወንዳወቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ገብረ ኢየሱስ በ1952 ዓ.ም. በቡሬ ዙሪያ ገጠር ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። አምስተኛን ያልቀጠሉት፣ የመምህሩን የጠዋት ምግብ ከሽታው እያወቁ ለክፍሉ ስለሚናገሩ ነው ይባላል፤ እኛም አላስተባበልንም።

በ1970 ዓ.ም. ከአቶ ሀይሉ ቴዎድሮስ ጋር ሥርዓተ ጋብቻ ፈጽመው ቢያድግልኝንና ያምሮትን ወለዱ። በቡሬ ገበያ ቅቤ ነጋዴ፣ ቆይተውም የቅቤ ዳኛ ሆኑ። የአትክልት ቅቤ የተደባለቀበትን ቅል ገና ክዳኑ ሳይነሳ ያውቁ ነበር። ከደምበጫ የሚመጣው አውቶቡስ ከተማ ሳይገባ፣ ሦስተኛው ወንበር ሥር የከረመ ቅቤ እንዳለ የተናገሩበትን ቀን ያየ ይመስክር፤ ያላየም ይመን።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ የተሳፈሩበት ባጃጅ ተገልብጦ ግንባራቸው ተመታ። ቁስሉ ዳነ፤ ሽታ ግን ጠፋባቸው። ከወራት በኋላ ማሽተት ሲጀምሩ ደስ ብሏቸው ገበያ ወጡ። በዚያው ቀን የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ቅቤ አሽትተው፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ባዕድ ነገር ገብቶበታል ብለው ፈረዱ። ሃያ ዓመት ንጹሕ ቅቤ የሸጡት ሴት ቅላቸውን እንደሞላ ተሸክመው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገዛቸው ጠፋ።

ስሕተቱ የታወቀው በቀልድ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የእህታቸው ልጅ የሽዋስ፣ እሳቸው ራሳቸው የናጡትን ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ ከገበያ ገዛሁ ቢላቸው፣ ይህንንም ጎማ አድርገውታል አሉ። እውነቱን ሲነግራቸው አልሳቁም። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም።

ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ሄዱ። የሽታ ነርቭ ዕድሜ ልክ እንደሚታደስ ተነገራቸው። ከአፍንጫ ወደ አንጎል በሚሄዱት የነርቭ ክሮች ላይ የሚያያይዝ ፕሮቲን አለ፤ በእሱ እየተዳሰሱ መሰሉ ከመሰሉ ይጣበቃል፣ ከማይመስለው ይለያል። ከብት ከመስክ ሲገባ በየበረቱ እንደሚለይ ማለት ነው። የእሳቸው ክሮች በአደጋው ተበጠሱ፤ አዲሶቹ ሲበቅሉ ጠባሳ መንገድ ዘግቶባቸው ያልሆነ በረት ገቡ፤ ቅቤው ጎማ የሆነባቸው ለዚህ ነው።

«ማጣበቂያው ካለ ታዲያ ለምን አይዝም?» አሉ ተናደው። ጠባሳውን የሚከፍት መድኃኒት ገና የለም ተባሉ። ጸበል ገቡ፤ ሐኪሙ እንዳዘዘውም ጠዋት ማታ ሎሚና ቅርንፉድ እያሸተቱ ተለማመዱ። የተመለሰው ሎሚው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ገበያ መካከል ቆመው «የወለተ ኢየሱስ ቅቤ ንጹሕ ነው፤ የተበላሸው የእኔ አፍንጫ ነው» አሉ። ገዢው ግን፣ እትዬ ትርሲት አዝነውላቸው ነው እንጂ አፍንጫቸው አይሳሳትም አለ። በተቆጡ ቁጥር ደግነታቸው ይወደስ ጀመር። ሦስት ዓመት በየገበያ ቀኑ ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ጎን ተቀምጠው፣ ጎማ ጎማ እየሸተታቸው፣ ያንኑ ቅቤ አናታቸውን እየተቀቡ ለፈፉ። የሰማቸው የለም።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ልዑል እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያግባልን።

ኑዛዜያቸው አንድ ነው፤ ለአርባ ቀን ተዝካራቸው ወጥ የሚሠራበት ቅቤ በሙሉ ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እንዲገዛ። የቡሬ ገበያተኞች ሆይ፣ የእናንተ አፍንጫ ጤነኛ ነው። መጥታችሁ ብሉና ፍረዱ።