ያልቀመሱትን የማያቀምሱት የወይዘሮ አፀደ ወልደ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አፀደ ወልደ ሐዋርያት ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሐዋርያት ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ ይመር በ1955 ዓ.ም. በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጥቢያ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ የሚንሾካሾከውን ሰምቻለሁ። በገዛ እጇ ነው የሞተችው፣ ፍትሐት አይገባትም ይባላል። አንጀቴ ቢያርም በተራው እደርስበታለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ዳገቱን እየወረዱና እየወጡ ፈረንሳይ በሚባለው ሰፈር እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። በ1974 ዓ.ም. በአንድ የሻይ ቅጠል ማሸጊያ ድርጅት ተቀጥረው፣ ቅጠል ከማበጠር ተነሥተው ለቀማሽነት በቁ። ከየእርሻው የመጣውን ሻይ አፍልተው፣ በማንኪያ እየሳቡ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩት እርሳቸው ነበሩ። ምላሳቸው እንዳይበላሽ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት እርግፍ አድርገው ተዉ። እናታችን ከወጥ የሚያፋታ ሥራ ምን ዓይነት ነው እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ያማርሩ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ከመምህር ዋቅቶላ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሲሞንንና ናዝሬትን ወለዱ። ሲሞን በሦስት ዓመቱ በሳንባ ምች አረፈ። ስለ እርሱ ማውራት አይወዱም ነበር፤ እኔም አልጨምርም።

በ2009 ዓ.ም. ድርጅቱ ሲዘጋ ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፈቱ። ጦስኙን፣ ዳማከሴውን፣ ጠጅ ሳሩን፣ ቆሰረቱን፣ ከርከዴውን አንድ በአንድ እየሞከሩ፣ የትኛው እንደሚፈላ፣ የትኛው ሙቅ ውሃ ብቻ እንደሚበቃው ለዩ። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ለእንግዳ መጠጥ ያቀረበ ቀድሞ ይቅመስ የሚለውን የአባቶች ሥርዓት አንድ ቀን አላፈረሱም። እኔንም ኮሶ የሚያስንቅ መራራ ነገር አጠጥተውኛል፤ ቀድመው ስለሚጠጡት እምቢ ማለት አይቻልም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ቤታቸው ገባ። መምህር ዋቅቶላን ወሰደ። እርሳቸው ተረፉ፤ ሽታና ጣዕም ግን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰላቸውም። ሠላሳ አምስት ዓመት ምላሳቸው እንጀራቸው ለነበረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ሻይ ቤቱን ይዝጉ ብዬ ለመንኩ፤ ተቆጣሁም። እርሳቸው ግን “ምላሴ ቢከዳኝ ሆዴ አይከዳኝም” አሉኝ። ከዚያ በኋላ አዲስ ቅጠል በመጣ ቁጥር ሙሉ ብርጭቆ ይጠጣሉ፣ ጥቂት ይቀመጣሉ፣ ደኅና መሆናቸውን ሲያዩ ለሰው ይቀዳሉ። ግትር ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይፍታቸው።

ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም. የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተረኛ እርሳቸው ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ውርጩ ጉንፋን ያስያዘን አባላት ብርጭቋችንን ይዘን ተቀመጥን። ጎረቤታቸው ወርቄ ከተራራው ለቅማ ባመጣችው ዳማከሴ ውስጥ አስተናግር የሚባለው መርዛማ ቅጠል ሳታውቅ ተቀላቅሎባት ኖሯል። እህቴ ማሽተት ቢችሉ ገና ሲፈላ ይደፉት ነበር። እንደ ልማዳቸው ጠጥተው ተቀመጡ። እኛ በረደን፣ ይቅዱልን እንጂ እያልን እንጎተጉታቸው ነበር። ጉሮሯቸው ሲደርቅና ዓይናቸው ሲፈዝ ውሃ እንኳ ሳይጠይቁ ተነሥተው፣ በራዱን ከነትኩሱ ደጅ ደፉት። ናዝሬትና እኔ ወደ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው መኪና ውስጥ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ማንም አልጠጣም አይደል?”

አልጠጣም አልናቸው። ከዚያ ወዲህ አእምሯቸው አልተመለሰም። ታኅሣሥ 18 ቀን በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ በገዛ እጇ ያላችሁ ስሙ። ሞትን የፈለገ ሰው ስለ ሌላው ብርጭቆ አይጨነቅም። የነፍስ አባታቸውም ይህን ሰምተው ፍትሐቱን ራሳቸው አድርሰዋል። ወርቄ ላይ ጣቱን የሚቀስር ካለም እጁን ይሰብስብ፤ እህቴ አልቀሰሩም።

ወይዘሮ አፀደ አንድ ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድም፣ እንዲሁም በዚያ ዕለት ይቅዱልን እያልን የጎተጎትናቸውን የማኅበር አባላት በሙሉ በሕይወት ትተው አልፈዋል። ነፍሳቸውን እመቤታችን በቃል ኪዳኗ ታስምርልን፤ ያተረፉልንን ዕድሜም አምላክ ለንስሐ ያድርግልን። አሜን።