ባቡር በአገልግል

ሰኞ

ጥቁር ጡብ አለቀብኝ፣ ገና ቦይለሩ፣ የባቡሩ የእንፋሎት በርሜል፣ ግማሽ ሳይደርስ። ሁለቱን ካርቶን ወለሉ ላይ ዘርግፌ በየቀለሙ ለቀምኩት። ቢጫው እንደ ጉድ ነው። ቀይም ሰማያዊም ሞልቷል። ጥቁሩ ግን እፍኝ አይሞላም። ልጆች ጥቁር አይወዱም መሰለኝ።

በኋላ ሳነበው እብድ እንዳልመስል ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። እኔ ቡታጅራ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ስንዘጋ የልጆቹን የመጫወቻ ጡቦች እንዲያውሱኝ ርዕሰ መምህሯን ወይዘሮ አልማዝን ለመንኳቸው። "ለምንሽ ነው?" አሉኝ። "ባቡር ልሠራበት" አልኩ። በመነጽራቸው አናት አዩኝና "አርባ ሁለት ዓመትሽ አይደል፣ ሙኒራ?" አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። የፊታችን ሰኞ ትምህርት ሲጀመር አንድም ሳይጎድል ይመለሳል ተባብለናል። ያለኝ ይኸው ሳምንት ነው።

ባቡሩ ለአባባ ነው። አባባ ገና ጎረምሳ ሳለ ድሬዳዋ ባቡር ቤት ሠርቷል፣ የእንፋሎት ባቡሮቹ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው። ሥራው ብረቶቹን ዘይት ማጠጣት ነበር። ከዚያ ወልቂጤ መጥቶ ሱቅ ከፈተ፣ እኛን ወለደ፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ስለ ባቡር ሲያወራን ኖረ። አሁን ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከታላቅ እህቴ ከዘይነባ ጋር እዚያው ወልቂጤ ይኖራል። አምና ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። ከዓይኑ ጋር ወሬውም ጠፋ። ባለፈው ስሄድ "አባባ፣ ስመለስ ምን ላምጣልህ?" ብለው "ከእንግዲህ የምጠብቀው ምን ቀረኝ ልጄ" አለኝ። ሲቀልድ አልነበረም። ይኼው ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል።

ቅዳሜ ባቡሩን በእጁ አስይዘዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ማክሰኞ

ዛሬ ያለቀ፦ ጋቢናው። የፊት መብራቱ። ስድስቱ ትልልቅ ጎማዎች በሦስት ዘንግ ላይ። ጭስ መውጫው (የነበረኝን ጥቁር ሁሉ ከቦይለሩ ነቅዬ እሱ ላይ አዋልኩት)።

ያላለቀ፦ ቦይለሩ። ቢዬላዎቹ፣ ማለትም ጎማ ከጎማ የሚያያይዙት ረጃጅም ክንዶች። ትዕግሥቴም።

የምሠራው ከአንድ ፎቶ ነው፣ ሌላ የለም። አባባ በቁምጣ፣ የዘይት ጣሳ አንጠልጥሎ ቆሟል፤ አጠገቡ ደረቱ ድረስ የሚደርሱ ጎማዎች። ባቡሩ ከፎቶው ስለሚበልጥ ጭሱ የሚወጣበት ተቆርጧል። ጎማዎቹና ቢዬላው ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። ጎማዎቹን በማስመሪያ ለካሁ፣ ክንዱ ከመሃላቸው ስንት ወጣ ብሎ እንደታሰረ ለካሁ። የሒሳብ አስተማሪዬ ዛሬ ቢያዩኝ ያለፈውን ሁሉ ይቅር ይሉኝ ነበር።

ለዘይነባ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። "አንቺ ልጅ፣ ይኼ ባቡር ነው የልደት ኬክ?" አለች። ቦይለሩ ቢጫና ቀይ ሆኖ እውነቷን ነው። ተናድጄ ዘጋሁባት። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ጥቁር ቀለም ከየት እንደማገኝ ሳስብ ቆየሁ፣ የትምህርት ቤት ንብረት መሆኑን ረስቼ።

ረቡዕ

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳሙናውን ስዳብስ፣ ነገሩ ገባኝና ክው አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኑ ለማያይ ሰው ቀለም ስመርጥ ነው የከረምኩት።

መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ከዚያ ቦይለሩን ከሥሩ አፈረስኩት።

አሁን የምሠራው ለጣት ነው። ከማፍረሴ በፊት ዓይኔን በሻሽ አስሬ ስዳብሰው የትናንቱ ቦይለር ካርቶን ነበር፣ ባለ አራት ማዕዘን። ጎኖቹን በተዳፋት ጡቦች ክብ አደረግኋቸው። የጡቦቹን ጉብጉብታ ልሸፍነው አስቤ ነበር፤ ግን በጣቴ ሳልፍበት ልክ እንደ ሪቬት፣ የባቡር ብረት እንደሚጋጠምበት ድቡልቡል ምስማር፣ ተደርድሯል። ተውኩት። እንዲያውም ወደ ውጭ ጎላ እንዲል ጎን ለጎን ጨመርኩበት። የጋቢናው በር ጣት ያስገባል። ደረጃዋም አለች። ዓይኔን እንዳሰርኩ ከጭስ መውጫው እስከ ጋቢናው ሄድኩና ባቡር ሆኖ አገኘሁት። ብቻዬን አጨበጨብኩ። የግቢው ድመት ተነስታ ወጣች።

ከሰዓት ቢዬላዎቹን ገጠምኩ። በፎቶው ላይ እንዳለው አንዱን ጎን አሰርኩ፣ ሌላውንም ከሱ ገልብጬ ትክክል አደረግሁት። ገፋ ሳደርገው ሄደ፣ ሄደ፣ ቀጥ አለ።

ሐሙስ

ቀጥ ይላል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ክንዶቹ ከጎማዎቹ መሃል ጋር አንድ መስመር ሲሆኑ። የፊቱ ጎማ ወደፊት ሊሄድ ይፈልጋል፣ የኋላው ወደኋላ። ባልና ሚስት ሆነውብኛል።

የሞከርኩት፦ ካስማዎቹን ማላላት። ክንዶቹን መቀየር። ሳሙና። የምግብ ዘይት። በመጨረሻ ቅቤ፣ ያውም ንጥር። ሦስቴ አፍርሼ ሠራሁት። ክንዶቹን ስፈታቸው ባቡሩ ወለሉን እንደ ውሃ ይሄዳል። ስመልሳቸው በየዙሩ ይነክሳል።

መናኸሪያው አጠገብ ያለ ጋራዥ ይዤው ሄድኩ። መካኒኩ በአክብሮት ተቀበለኝ፣ እጁን ጠራርጎ ያዘው፣ አገላብጦ አየና "እህቴ፣ ቀዳዳውን በቢላ ሰፋ አድርጊው" አለኝ። የልጆች ነው አልኩት። "እንግዲያማ ጸልዪ" አለ።

ቢላውን ግን ቤት ስገባ አንስቼው ነበር። እውነቱን ልጻፍ። አንስቼ አስቀመጥኩት።

ዓርብ

ሁለት ምርጫ አለኝ። ያለ ቢዬላ እወስደዋለሁ፣ በደንብ ይሄዳል። ወይ ከነቢዬላው እወስደዋለሁ፣ እየነከሰ።

ያለ ቢዬላ ብወስደው አባባ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የዕድሜው ጥሩ ቀን ያለፈው እሱን ዘይት ሲያጠጣ ነው። ባዶ ጎማ ነክቶ ዝም ቢል እኔ ዳግመኛ ምንም ነገር ልሠራለት አልደፍርም። ቢነክስም ከነቢዬላው ይሄዳል።

ቀጥሎ የማጓጓዝ ጉዳይ። ካርቶኑ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ይንገጫገጫል። ቤቱን ሳገላብጥ ለሠርግ ምግብ የምይዝበትን በቆዳ የተለበጠ አገልግል አገኘሁ። ጭስ መውጫውን ነቅዬ ለብቻ ስጠቀልል ባቡሩ ልክክ አለ። ነጠላ ጎዘጎዝኩለት። ክዳኑን በጠፍር አሰርኩ።

ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፈው።

ሚኒባስ ውስጥ አገልግሉን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ብዙ ታገሱ፣ በመጨረሻ "ክትፎ ነው?" አሉኝ። "ባቡር ነው" አልኩ። ትንሽ አሰቡና "ቅቤ ቅቤ ይላል እኮ" አሉ። ካልከፈትኩ እንደማያምኑኝ ሲገባኝ ከፈትኩ። ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አየ። ሰውዬው ወልቂጤ እስክንደርስ መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር አገልግሉን በአንድ እጃቸው ያዙልኝ።

አባባ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። "አሰላሙ አለይኩም አባባ" ብዬ እጁን ሳምኩት። መለሰልኝና ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አዞረ። ዘይነባ በዓይኗ "እንደዚሁ ነው" አለችኝ። ጠረጴዛ አስጠጋሁለት፣ ጭስ መውጫውን መልሼ ተከልኩ፣ ባቡሩን ፊቱ አስቀመጥኩና እጁን መራሁት።

እጁ ቢዬላው ላይ አረፈ። ከዚያ ያደረገውን መቼም አልረሳውም። እጁን ገለበጠና በእጁ ጀርባ፣ በስሱ፣ ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነካው።

"አልጋለም" አለ።

ዘይነባ የያዘችውን ትሪ መሬት አስቀመጠች። አባባ ቀጠለ። ሪቬቶቹን ቆጠረ። ጋቢናው ውስጥ ጣቱን አስገባ። ጭስ መውጫው ጋ ደርሶ "ይኼ አጭር ነው" አለ። ተቆጣ! ዓመት ሙሉ በምንም ያልተቆጣ ሰው። ከዚያ ጣቶቹን አሸተተ። "ቅቤ ነው የቀባሽው? ባቡር ነው ክትፎ?"

ከዚያ በሁለት እጁ ግራና ቀኙን ያዘና ቀስ ብሎ ገፋው። ነከሰ። አባባ ግን ፈገግ አለ።

"ማነው ይኼን ያሰረው?"

"እኔ።"

"ከየት አይተሽ?"

"ከፎቶህ።"

"ፎቶው የባቡሩን ስንት ጎን ያሳያል?"

"አንድ።"

"ሌላውንስ?"

"ከሱ ገለበጥኩት።"

ሳቀ። ጥርስ የሌለው ሳቁን ስንት ጊዜ አልሰማሁትም ነበር። "ሙኒራ፣ ሰው ሁለት እግሩን እኩል አንስቶ ይሄዳል? እሱ እንቁራሪት ነው። ባቡርም ይራመዳል እንጂ አይዘልም። አንደኛው ጎን ሲደክመው ሌላው እንዲገፋለት ነው። ቀኙን ተይው። የግራውን ሦስቱንም ሩብ ዙር ወደኋላ መልሺ።"

የጡቡ ዘንግ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ጎማው የሚገባበት በአራት አቅጣጫ ብቻ ነው። ሩብ ዙር ማለት አንድ ቦታ ማለፍ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በሳሙናና በቅቤ የለመንኩት ነገር በስድስት የጣት እንቅስቃሴ አለቀ። ነቀልኩ፣ አዞርኩ፣ መለስኩ። አባባ ገፋው። ባቡሩ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ አንዴም ሳይነክስ ሄደ፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያለ፣ ዘይነባ ጫፉ ላይ በቀሚሷ ቀለበችው። "መልሺልኝ" አለ አባባ። መለሰችለት። ስንቴ እንደተመላለሰ አልቆጠርንም።

ቀለሙን ጠየቀን። ዘይነባ "ጥቁር በይው" ብላ በከንፈሯ ብቻ ጠቀሰችኝ። አልቻልኩም። "ቢጫና ቀይ ነው አባባ፣ ትንሽም ሰማያዊ አለው" አልኩት። አሰበበት። "ደግ ነው። ቢጫ ላይ ያልተጠረገ ዘይት ይታያል። ሰነፍ አይደበቅበትም።"

ከዚያ አወራ። ሰምቼው የማላውቀውን ጭምር። የመጀመሪያ ቀን የጋለ ብረት በመዳፉ ሊነካ ሲል አለቃው እጁን መትቶ "በጀርባው! መዳፍህን ካቃጠልክ በምን ትበላለህ?" እንዳለው። ዘይነባ "ቆጮው ቀዘቀዘ" ብላ ሦስቴ ጠራችን። ማንም አልተነሳም።

እሁድ

እዚያው አድሬ ዛሬ መፍታት ነበረብኝ። እንዴት እንደምነግረው ስጨነቅ እሱ ቀደመኝ፤ ለካ ዘይነባ ነግራዋለች። "ነገ የልጆቹ ነው አይደል? አምጪው፣ እኔ እፈታዋለሁ። መግጠም የቻለ ሁሉ መፍታት ይችላል ማለት አይደለም።"

ትሪ አቀረብኩለት። እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ፈታው። መጀመሪያ ቢዬላዎቹን፣ ቀጥሎ ጎማዎቹን፣ ጋቢናውን፣ በመጨረሻ ጭስ መውጫውን፤ እሱን ሲያስቀምጥ "አጭር" አለ ደግሞ። የቀኝ ጎማዎችን በቀኝ፣ የግራዎቹን በግራ ደረደረ። "እንዳትቀላቅያቸው" አለኝ። ካርቶኑ ውስጥ መቀላቀላቸው እንደማይቀር አልነገርኩትም። ልቤ ትንሽ አዘነ። እሱ ግን እንደ ሠራተኛ ሰው እጁን አራገፈና ውሃ አምጡልኝ አለ።

ሰኞ

ጡቦቹን አንድም ሳይጎድል አስረከብኩ። ወይዘሮ አልማዝ ካርቶኑን ከፍተው "ምንድነው የሚሸተኝ?" አሉ። በሳሙና አጥቤያቸው ነበር፣ ቅቤ ግን ቅቤ ነው። እስከ ረፍት ሰዓት ድረስ ቦይለሬ ሁለት ቤትና አንድ ላም ሆኗል።

በረፍት ዘይነባ ደወለች። ደነገጥኩ፣ በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም። "ምንም አልሆነም" አለች። "አባባ ከቁርስ ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ትምህርት ቤታቸው ደግሞ የሚዘጋው መቼ ነው ይላል። ክረምት ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ወራቱን በጣቱ እየቆጠረ ነው።"

ስልኩን ዘግቼ ግድግዳው ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። ደስታ ነው፤ አንዲት ሕፃን መጥታ ቀሚሴን ስትይዝም ያልኳት ይህንኑ ነው።

ለሰማንያ ሰባት ዓመት ሰው ክረምት ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ወይዘሮ አልማዝን ዛሬውኑ አስፈቀድኳቸው። ጭስ መውጫው በሁለት ጡብ ይረዝማል።