በጆሮዎ የተገበያየች ከተማ

ውድ ጋሼ፣

እርስዎ ተረጋግተው ያንብቡ፤ እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኝ ማተሚያው ላይ ተደግፌ ነው የምጽፈው። ዛሬ ጠዋት በምክር ቤቱ ፊት፣ ስድስት ዓመት የዋጥኩትን አወጣሁት!

ነገሩን ያመጣው የማዘጋጃ ቤቱ የሃምሳኛ ዓመት መጽሔት ነው። «የገንዘባችን ታሪክ» የሚል ገጽ እንዳትም ተሰጠኝ። የሰው ልጅ በዛጎል፣ በጨው፣ በብረት ተገበያየ ይላል። እኛ በማስቲካ መገበያየታችንን ግን አላነሣም። ሳንቲም ከገበያ የጠፋ ጊዜ የአውቶቡስ ረዳቱ «መልስ» ብሎ ሁለት ማስቲካ ያስጨብጠን አልነበር? ያኔ ከንቲባ የነበሩት እርስዎም «የሕዝቡ ጥርስ ሳያልቅ» ብለው በሳንቲም ምትክ የዝርዝር ኩፖን አሳተሙ። መጽሔቱ ስለ ኩፖኑ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ከንቲባው ራሱን ለማስከበር መልኩን ያተመበት።»

ይህን ውሸት በገዛ እጄ ላትመው?

የሆነውን እርስዎም ያውቁታል፤ ከአፌ ግን አልሰሙትም። ኩፖኑን በሁለት ቀን አድርሺ ተባልኩ፤ መጋዘኑ ውስጥ ከምርጫ ቅስቀሳዎ የተረፈ፣ መልክዎ ያለበት ፖስተር እንጂ ሌላ ወረቀት የለም። ወፍራም ነው፣ ጀርባው ነጭ ነው። ቆራርጬ በጀርባው አተምኩ። ገንዘብ ገልብጦ የሚያይ ማን አለ ብዬ! ለካ ሰው ገንዘብ ሲጨብጥ መጀመሪያ የሚያደርገው መገልበጥ ነው። በሳምንቱ ገበያው «ሁለት ጆሮ መልሺልኝ»፣ «የአፍንጫ ዝርዝር አለሽ?» ይባባል ጀመር። ተቀናቃኝዎ «ከንቲባ መረጥን እንጂ ንጉሥ አነገሥን?» አሉ፤ አለቀ። ቤት ለቤት የውሃ ቆጣሪ እያነበቡ፣ የየሰዉን ችግር ከነቧንቧው እያወቁ ለወንበሩ የበቁ ሰው በጆሮዎ ተሸነፉ። ወረቀቱን ማን መረጠ ሲባል እርስዎ «እኔ ነኝ» አሉ። እኔ በማተሚያ ቤቱ የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም ነበር። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁዎትም።

ዛሬ ገጹን ይዤ ስብሰባው ላይ ገባሁ። «ወረቀቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ያዩት እንደናንተው ገበያ ላይ ነው» አልኩ። ቀድሞ የተናገረው የምክር ቤት አባሉ ባለ ሉካንዳ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«ድፍረት።»

«እኔ እኮ በዚያ ጆሮ ምክንያት ድምፄን ነፈግኳቸው!»

«አንተስ ድምፅህን ነው» አለች ባለ ፋርማሲዋ፤ «እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ በአደባባይ ሰድቤያቸዋለሁ። የጉሮሮውንም መድኃኒት በነፃ የሰጠኝ የለም።»

ጋሼ፣ ሳቁና ጩኸቱ ተደበላለቀ! ከምሳ በፊት ለመጪው የከንቲባ ምርጫ ለዕጩነትዎ የተሰበሰበው የድጋፍ ፊርማ ከሚፈለገው አለፈ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ፖስታ ቤቱ ደብዳቤው በአምስት ቀን ይደርሳል አለኝ። ስለዚህ በነገው የመጀመሪያ አውቶቡስ የማመጣው እኔው ነኝ። ይህን ሲያነቡ ከበርዎ ውጭ ቆሜአለሁ፤ ፊትዎን እያየሁ መናገር ስለማልችል በበሩ ሥር አስገባሁት። ቅጹም አብሮት አለ። ከተቆጡ አይክፈቱልኝ፤ እውነትዎን ነው። ብቻ ፈርመው በዚያው በበሩ ሥር ይመልሱልኝ።

መመለሻው በስምንት ሰዓት ይነሣል። ሁለት መቀመጫ ይዣለሁ።

ከበሩ ማዶ፣
እርስዎ «ቀለሜ» ያሏት