ከከፈቱት ወገን የሆንክበት ቀን

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሮቢ ወንዝ መጉደል ሲጀምር ሸኘንህ። ዘንድሮ ወንዙ እንደገና ሞልቷል፤ ባለግመሎቹ ማዶ ቆመው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ አንተ ስልህ ነው ያደግኩት። ይህን የምጽፈው ቤት ተቀምጬ ነውና አንተ ብዬ ልቀጥል። ፊደሉንም ያስቆጠርከኝ አንተው ነህ። «ሴት ልጅ ጽፋ ለማን ልትልክ ነው?» ሲሉህ፣ «ለእኔ ነዋ!» ትላቸው ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ካንተ በኋላ እህል እምቢ ብሏት ከርማ ነበር፤ አሁን አልሐምዱሊላህ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ዶሮዎቿንም ትሳደባለች። ሱቁን ባለቤቴ ይመር ይዞታል። ጥጥ ሲመዝን እንዳንተ አይጫወትም፣ ዝምተኛነቱን ታውቃለህ፤ ደንበኞችህ ግን አልሸሹም። ጎረቤታችን ጋሼ ወልዴ የራሳቸውን ሱቅ ሳይከፍቱ በፊት ጠዋት ጠዋት መጥተው ደጃፋችን ላይ ይቀመጣሉ። የሚከራከራቸው ሰው ስላጡ ይመርን ይተነኩሱታል። እሱ ደግሞ «ልክ ነዎት ጋሼ» ይላቸውና ይበልጥ ያናድዳቸዋል። አማቴ እትዬ ዘሃራም ከጀውሃ መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እኔም ከባድ ሰው ሆኛለሁ፤ መኸሩ ሲደርስ እወልዳለሁ ኢንሻአላህ።

ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ ግን ጣሊያን መሄዱ ነው። ጭነት የሚያመላልሱት ካሚዮኖች መንገዱን ሲያተራምሱት ሰንብተው አንድ ቀን ጭጭ አሉ። ወንዙ ዳር የነበረው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ባዶውን ቀርቷል፤ ቆርቆሮውን ሰው ተከፋፈለው። ሰሞኑን በዚያ ሳልፍ የሲኒማው ሸራ ይወጠርባቸው የነበሩትን ሁለት ግንዶች አየሁና ቆም አልኩ። በሕይወት ሳለህ በቅጡ ያላመሰገንኩህ ነገር የተጀመረው እዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ሲኒማ የመጣ ጊዜ ትዝ ይልህ የለ? መግሪብ ተሰግዶ አገሩ ሁሉ ወደ ካምፑ ወረደ። ሼሁ «ጥላ ለማየት ትሄዳላችሁ?» ብለው ተቆጥተው ነበር፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። ጣሊያኖቹ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኛን ከሸራው ጀርባ መሬት ላይ አስቀመጡን። ከጀርባም ቢሆን ሥዕሉ ይታያል፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። ድምፅ አልነበረውም። መሃል መሃል ላይ የሚመጣው ጽሑፍም ለእኛ የተገለበጠ ስለሆነ የእነሱን ፊደል የሚያውቅ እንኳ አያነበውም። ስለዚህ ሁሉም የመሰለውን ይናገር ነበር።

የታየው ነገር ግን ትርጉም አያሻውም። አንድ የተቀበረ ሰው ከመቃብሩ ይነሣል። አፈር በአፈር እንደሆነ መንደር ለመንደር እየዞረ በር ያንኳኳል። የከፈተለት ሁሉ ይሞታል። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ከምትኖርበት ቤት ይደርሳል። አሮጊቷ ተነሥታ እጇን የበሩ መወርወሪያ ላይ ስታደርግ ሸራው ነጭ ሆነ፤ አለቀ። ሰው ሁሉ ጮኸ። «የቀረው ሌላ ጊዜ ይመጣል» አሉን።

ያን ሰሞን በከተማችን በሮቢት ሲመሽ ደጅ የሚወጣ ጠፋ። አንተ ደግሞ የዚያ ሲኒማ አዝማሪ ሆንክ። ያላዩት ከአጣዬ ድረስ እየመጡ ሱቅ ውስጥ ያስተርኩህ ነበር። ጥፍሩን አስረዘምከው፣ አረማመዱን አዘገየኸው፤ ካየነው ይልቅ ካንተ የሰማነው አስፈራን። ጨርሰህም ሁልጊዜ፣ «ያቺ ሴትዮ አትከፍትም! ከከፈተች ሴት አይደለችም፣ ጅል ናት» ትል ነበር። ሁሉም ይስማማል።

የእኔና የይመር ነገር የታሰበው በዚያው ወራት ነው። የጀውሃ ሽማግሌዎች ሲመጡ፣ መልስ ከመስጠትህ በፊት ጓሮ ጠርተህ፣ «ልብሽ ይወደዋል? ካልወደደው ሰበብ አላጣም» አልከኝ። በእኛ አገር ስንት አባት እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? አንገቴን ደፋሁ፤ ገባህና ሳቅህ። ለዚያም አመሰግንሃለሁ።

የይመር አባት ቀደም ብለው ስለሞቱ የሰርጉን ቀን ለመቁረጥ እናቱ እትዬ ዘሃራ ራሳቸው ከይመር ጋር መጡ። ሁለተኛው ሲኒማ የመጣው እሳቸው እንግዳችን ሆነው በሰነበቱበት ሳምንት ነው። እማዬ «እስቲ እርስዎም ይዩት» ብላ አባበለቻቸው። ሴቶቹ ለብቻ ስለምንቀመጥ ጎኔ ነበሩ።

አሮጊቷ ከፈተች።

ሰውየው ደጃፏ ላይ ቆመ። እሷም አየችው። እናቱ ነበረች፤ ቃል ሳንሰማ ሁላችንም አወቅን። እጁን ይዛ አስገባችው፣ አፈሩን ከፊቱ ጠረገችለት፣ እግሩን አጠበችው፣ ምግብ አቀረበችለት። እሱም አልቅሶ አልጋዋ ላይ ተኛ። ሲነጋ እንደማንኛውም ሰው በሰላም ሞቶ አገኘችው፤ መንደሩም በወግ ቀበረው። በቃ። ማንም አልተገደለም።

ግማሹ ሰው አለቀሰ፤ ግማሹ «ተታለልን!» ብሎ ተነሣ። ያኔ ከወንዶቹ መካከል ያንተ ድምፅ ከሁሉም በልጦ ወጣ። «ምን ዓይነት ተረት ነው ይሄ! ጭራቅ ተብሎ እግሩ ይታጠባል? በሉ እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ ደጁን ክፈቱና ሙታኑን እራት ጥሩ!» አልክ። አገር ሳቀ፤ አጨበጨበልህ። እኔም ስቄአለሁ። ዞር ስል እትዬ ዘሃራ አጠገቤ የሉም። ቤታችን ለእራት አልተመለሱም። ይመርን ይዘው በዚያው ምሽት ከሚያውቁት ባለሱቅ ቤት አድረው ሲነጋ ወደ ጀውሃ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ መጡና፣ «ነገሩ ይቅር ተብሏል» አሉን። ምክንያቱን አልተናገሩም።

እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከተማው ግን በሲኒማው ጉዳይ ይፋጅ ነበር። ገበያ ላይ ሰው ሰላም ሳይባባል፣ «አንተ ከከፈቱት ነህ ከዘጉት?» ይባባል ጀመር። ጋሼ ወልዴ ካንተ ጋር ከዘጉት ነበሩ፤ «አስፈሪ ከተባለ ያስፈራ እንጂ! በርበሬ ብለው አሸዋ ሸጡልን» ይላሉ። ሌላው «ለገዳይ እንድናዝን የጣሊያን ተንኮል ነው» ይላል። አንድ የአፋር ባለግመል ሲስቅ ቆይቶ፣ «ከሩቅ የመጣን ሰው ዘግታ ብትመልሰው ነበር የሚያስፈራው» አለና ግመሎቹን እየነዳ ሄደ። በየወገኑ አንተን መሪና ጠላት አደረጉህ። አንተ ግን ልጄን ለምን ተዋት እያልክ ስትብሰለሰል ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እማዬ ድንገት፣ «ሴትዮዋ እኮ ፈርታ ነው የከፈተችው፤ ልጇ ተመልሶ እንዳይሄድባት» አለች።

«ፈርታማ ቢሆን ትዘጋው ነበር» አልካት።

«አንተ እናት ብትሆን እንዲህ አትልም ነበር» አለችህ።

ጉርሻህን መልሰህ አስቀመጥከው፤ እትዬ ዘሃራ የተነሡት በዚያ ሲኒማ ላይ መሆኑ ያኔ ትዝ ያለህ መሰለኝ። በማግስቱ «ተነሺ፣ ጀውሃ እንሄዳለን» አልከኝ። ሰው «እምቢ ያሏትን ልጅ ይዞ ደጅ ይጠናል?» ብሎ አምቶሃል። ሰምተህ እንዳልሰማህ ሆንክ። በአዲሱ መንገድ ዳር ዳሩን የካሚዮኑን አቧራ እየበላን ሄድን።

እትዬ ዘሃራ ለወጉ አስገቡን፤ ፊታቸው ግን ዝግ ነበር። አንተ ወሬ መጀመሪያ አጥተህ ዓይንህን ስታንከራትት በሩ ላይ አረፈ። የመወርወሪያው ቀዳዳ ግድግዳው ላይ አለ፤ እንጨቱ የለም። «እትዬ ዘሃራ፣ መወርወሪያው ምን ሆነ?» አልካቸው።

ቀዳዳውን እያዩ፣ «እንድሪስን ከወሰዱት ወዲህ አንሥቼዋለሁ» አሉ። «ድንገት ቢመጣ ተኝቼ እንዳላስቆመው ብዬ።»

የመጀመሪያ ልጃቸው እንድሪስ፣ የይመር ወንድም፣ መጥፋቱን ሰምተን ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ጣሊያኖቹ ለጫካ ሰዎች፣ ለአርበኞቹ፣ ስንቅ አቀብለሃል ብለው ከእርሻው ላይ ወሰዱት። ታሰረ የሚል አለ፣ ተገደለ የሚል አለ። ሬሳ አልመጣም። እሳቸውም እርም ሳያወጡ፣ ጆሮ ጠቢ ፈርተው ስሙን እንኳ ጮክ ብለው ሳይጠሩ ዓመታት ኖሩ።

«ያን ለት» አሉህ፣ «እርስዎ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ ልጄ ደጄ ላይ ቆሞ የሳቁበት መሰለኝ። ክፋት እንዳልነበረብዎት አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ ቤትዎ ገብቼ እንዴት እበላለሁ?»

አባዬ፣ ይቅርታ ትላለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ስለ ሰርጉ ታነሣለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ተመቻችተህ ተቀመጥክ። ቀስ ብለህም፣ «እስቲ ስለ እንድሪስ ይንገሩኝ» አልካቸው።

መጀመሪያ አላመኑህም። ከዚያ ጀመሩ። ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ ማሽላ ሲጠብቅ ወፎቹን በዘፈን እንደሚያባርር፣ የእናቱን እንጂ የሰው ወጥ እንደማይጥመው ነገሩህ። የአስር ሶላት እስኪደርስ አወሩ፤ ሳቁም፣ አለቀሱም። አንተ «ከዚያስ?» ከማለት ሌላ አልተናገርክም። ስንወጣ ብቻ፣ «ይሙትም ይኑርም አላህ ያውቃል፤ ዱዓ ለሁለቱም ይሆናል» አልካቸው። ስለ እኔ አንዲት ቃል አላነሣህም። በመንገድ ላይ ተናድጄብህ ነበር፤ ለምን እንዳላነሣህ የገባኝ በኋላ ነው።

በገበያው ቀን የጥጥ ጆንያ ላይ ወጥተህ ቆምክ። ሰው የተለመደ ጨዋታህ መስሎት ተሰበሰበ።

«ስለ ሲኒማው የተናገርኩትን አንሥቻለሁ» አልክ። «ሴትዮዋ ልክ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሳቅ ሆነ። «ለልጅህ ሰርግ ብለህ ነው!» አለ አንዱ።

«ወደ ጀውሃ የሄድኩት ለልጄ ሰርግ ብዬ ነው» አልክ፤ «የተመለስኩት ግን በሌላ ነገር ነው።»

«በምን ነገር?» አሉህ። ለጣሊያን ወሬ የሚያቀብለው ሰውዬም ከዳር ቆሞ ያይሃል። እውነተኛውን ምክንያት ብትናገር ተከራክረህ ታሸንፍ ነበር። እትዬ ዘሃራ ግን ይጋለጣሉ። «እናቴ ትዝ ብላኝ ነው» አልክና ወረድክ። በጨዋታው አገር የሚያስቀው ሰው መሳቂያ ሆነ። «ወላዋዩ» አሉህ። ጋሼ ወልዴም እንደ ከዳሃቸው ቆጥረው አኩርፈውህ ከረሙ። አንድም ቀን ለራስህ አልተከላከልክም።

ያን ወሬ ጀውሃ የሰሙት እትዬ ዘሃራ፣ «ልጃችንን ልንወስድ እንመጣለን» ብለው ላኩ። በሰርጌ ዋዜማ ቤታችን ዱዓ አስደረግህ፤ ለማን እንደሆነ ስትጠየቅ «ለራቀ ዘመድ» ብለህ መለስክ። እትዬ ዘሃራ ጥግ ተቀምጠው «አሚን» ሲሉ ድምፃቸው ከሁሉም ይሰማ ነበር።

ወባው የጣለህ ጊዜም እማዬ ስትደክም በእርጥብ ጨርቅ ግንባርህን ሲያበርዱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ወልዴም ጀናዛህ እስኪያልፍ በዝናብ ቆመዋል። ያኔ እውነቱን ነገርኳቸው። «ምነው ለእኔ እንኳ ቢነግረኝ!» አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እንግዲህ ስለ ባሌ አመሰግንሃለሁ፤ ስለ ቤቴ አመሰግንሃለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ሰው አሸናፊ ሆኖ ሳለ መሸነፍ እንደሚችል ስላሳየኸኝ አመሰግንሃለሁ።

አሁን በመንገዱ ሰው እየተመለሰ ነው፤ ከእስር የተፈታ፣ ከጫካ የወጣ። እንድሪስ እስከ ዛሬ አልመጣም። እትዬ ዘሃራ፣ «ስሙን ጮክ ብዬ መጥራት ቻልኩ፤ እሱም አንድ ነገር ነው» ይላሉ። የጠፋባቸው እናቶች ከማጀቴ ከተማም ከአጣዬም መጥተው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ሱቃችን ጥላ ሥር ያርፋሉ። ውሃ እሰጥና አጠገባቸው እቀመጣለሁ። «ይመጣል» አልላቸውም፤ «ተስፋ ይቁረጡ»ም አልላቸውም። እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ፣ እነሱም ይነግሩኛል።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት እናት ነግራኝ ስታበቃ ዓይኗን ጠርጋ፣ «እንዲህ መስማትን ከማን ተማርሽው ልጄ?» አለችኝ።

«ከአባቴ» አልኳት። ስምህንም ነገርኳት። አላህ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።

ልጅህ ሩቅያ