ለባለቤቴ ሦስት መቃብር ስለሰጡኝ

ለክቡር የመንገድና የሐዲድ ሥራዎች ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና በየዓመቱ የሚለዋወጠው ጥናትዎ ሁሉ ደኅና ይሆኑ ዘንድ ከወረታ አጠገብ ካለችው ደብራችን እየጸለይሁ፣ የሚከተለውን ምስጋናዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩. ስለ ደብረ ታቦር መንገድ ዳገት አመሰግናለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቴ ወይዘሮ አገኘሁሽ ሆዷን በጠና ታማ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ስንወስዳት፣ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተጋድሞ አምቡላንሳችን አራት ሰዓት ሙሉ ቆመ። «አንቱ፣ ይቅርብኝ፤ ወደ ቤት መልሱኝ» አለችኝ። ከኋላችንም መኪና ተሰልፎ ስለነበር መመለሻ አልነበረም። እዚያው አረፈች። መንገዱ ይስፋልን ብለን ስንለምንዎ፣ ጭነቱን ሁሉ ባቡር ስለሚወስደው ማስፋት አያስፈልግም ሲሉ በትሕትና መለሱልን።

፪. ስለ ባቡሩ ደግሞ አብልጬ አመሰግናለሁ። ሐዲዱ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ አገኘሁሽ በተቀበረችበት በቤተ ክርስቲያናችን መካነ መቃብር እንደሚያልፍ ተነግሮን፣ በሁለት ወር ውስጥ ሙታናችንን እንድናነሣ ታዘዝን። እኔ ራሴ ቆፈርሁ። ልጄ ደብሬ የእናቷን አፅም በነጭ ነጠላ ታቅፋ «አባዬ፣ እማዬ እንዲህ ትቀላለች?» ስትለኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቅኔ ሳስተምር የኖርሁት ሰውዬ የነጠላውን ጫፍ ብቻ ቋጠርሁላት። ፍትሐት አድርሰን ከአስፋልቱ ዳር በተሰጠን አዲስ ቦታ ቀበርናት። ባቡሩ ግን አልመጣም። ለሐዲዱ ምልክት የተከላችሁትንም ካስማ ከብቱ ሲታከክበት ጣለው።

፫. ዘንድሮ ባቡሩ ቀርቶ መንገዱ ይሻሻል በማለትዎ እጅግ ደስ ብሎናል። ማስፋፊያው የሚያልፈው በዚያው በአዲሱ መቃብር ላይ ነው። በሕይወቷ ያልደረሰላት መንገድ ከሞተች በኋላ ደረሰላት። የላኩት መሐንዲስም ሊያጽናናኝ ፈልጎ «የኔታ፣ እርስዎ እኮ ልምዱ አለዎት፤ ሁለተኛው አይከብድም» አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ እምቢ ብዬ ሦስት ቀን መቃብሩ ላይ ተቀመጥሁ። መቆፈሪያውን ኤክስካቫተር የሚነዳው ትሁን የሚባል ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና «የኔታ፣ እኔ በእርስዎ ላይ አልነዳም» ብሎ አጠገቤ ቁጭ አለ። ቢሮዎ ግን የልማት እንቅፋት መሆኔን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ማኅተም አድርጎበት ላከልኝ።

እኔን ያስነሣኝ ማስጠንቀቂያው አይደለም። በአራተኛው ቀን ጎረቤቴን እንዳልካቸውን ሩዝ ሲያርም እባብ ነደፈው። ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት ዳገቱ ተዘግቶ ውሎ ስለነበር፣ ነፍሱ ብትተርፍም እግሩ ተቆረጠ። አገኘሁሽ ይህን ብትሰማ ምን ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ቤቴ ሄጄ ዶማዬን አመጣሁ። ትሁንም አብሮኝ በእጁ ቆፈረ። ወደ ትውልድ ቀዬዋ፣ ወደ ወንዛዬ ወስደን ከእናቷ አጠገብ አሳረፍናት።

ቦታው ተለቋል፤ እንግዲህ መንገድዎን ይሥሩ። ክቡር ሆይ፣ ብቻ ይሥሩት።

ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የምስጋናዬ ብዛት እንቅልፍ የነሣኝ ታዛዥዎ፣

መሪጌታ የኋላሸት ባየህ
ወረታ

ማሳሰቢያ፦ ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። በወንዛዬም በኩል መስመር ለማስመር ያሰቡ እንደሆነ፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ቢያደርጉት ውለታዎ አይረሳኝም፤ ልጄ ደብሬ የሁለታችንን አፅም ብቻዋን መሸከም አትችልም።