የአባዬ ሜዳሊያና ስልሳ ሁለት ቁጥር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የባለቤትሽ ጀርባ ተሻለው? ልጁስ ጥርስ አወጣ ወይስ ገና ድዱን እያሳየ ነው የሚስቀው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ብቻ ጉልበቷ ያስቸግራታል። ጎረቤቶቻችን እንዳሉ ናቸው፤ የታችኛው ቤት ሴትዮ አሁንም ሬዲዮናቸውን ለሰፈሩ በሙሉ ይከፍታሉ።

በደብዳቤሽ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው የሜዳሊያው ቀን እንዴት እንደዋለ ነው። ሁለተኛው፣ አባዬ ከመሞቱ በፊት ስምሽን ጠርቶ እንደሆነ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እንደምታውቂኝ በአፌ ሁለት ቃል አስከትዬ መናገር አይሆንልኝም፤ በወረቀት ይሻለኛል። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው የጻፈው ነውና ስህተቱን እያረምሽ አንብቢው።

እኔና አባዬ የምንሠራበት የልብስ ፋብሪካ ከተቃጠለ ከወር በኋላ አንዲት ሴትዮ ፋይል ታቅፈው ቤታችን መጡ። ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነኝ አሉ። ጦርነት በሌለበት ጊዜ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ለሌላ ሰው ነፍስ ብለው ራሳቸውን ለሰጡ ሰዎች አገሪቱ የምትሰጠው የጀግንነት ሜዳሊያ አለ፤ ባለቤትዎ ታጭተዋል አሏት እማዬን። እማዬ መጀመሪያ የሰው ቤት ተሳስተው የገቡ መስሏት ነበር። "እሱ እኮ ሰልፍ እንኳ አይወድም ነበር" አለቻቸው። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ጥያቄያቸውን ቀጠሉ፤ እየጠየቁ ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ውስጥ የሥጋ ዘመድ ነበራቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ደንቡ ስለሚያስገድድ ነው፤ ሜዳሊያው ለባዕድ እንጂ የራሱን ሰው ሊያድን ለገባ አይሰጥም አሉ።

እኔ የውኃ ብርጭቆ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እማዬ ወደ እኔ ሳትዞር "ውስጥ? ማንም አልነበረውም" አለች።

ውሸት አይደለም። እኔ ውስጥ አልነበርኩም። አለች የተባልኩት ግን እዚያው ነው።

አንቺ ፋብሪካ ሠርተሽ ስለማታውቂ ላስረዳሽ። መግቢያው ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። እያንዳንዳችን ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ አለችን። ስንገባ እንሰቅላታለን፣ ስንወጣ እናወርዳታለን። የእኔ ስልሳ ሁለት ነበረች። ልጆቹ ግን ጉዳይ ሲኖራቸው ቆርቆሯቸውን እንደተሰቀለች ትተው በቁርጥራጭ ጨርቅ መጣያው በር ሾልከው ይወጣሉ፤ አለቃው ሰሌዳውን አይቶ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው ብሎ ያልፋል። እኔ አድርጌው አላውቅም ነበር። ያን ማክሰኞ ግን ለአንድ ሰዓት የምሄድበት ነበረኝ። ፈቃድ ልጠይቅ አለቃው ክፍል በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ እንዴት እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። አጠገቤ ክር የምትቆርጠው ቀጭኗ ልጅ ሳቀችብኝ። "አንቺ ደግሞ! እሱ የሚያየው ሰሌዳ ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ? ይንጠልጠል ተይው፣ ሳይነቃብሽ ትመለሻለሽ" አለችኝ። እኔም ተውኩት።

ስመለስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ጣሪያው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ የበሩ ዘበኛ ናቸው። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ጥግ ጠርተውኝ፣ "ይህን ይዤ መቃብር አልገባም፤ ባይሆን አንቺ እወቂው" አሉኝ። አባዬ እንፋሎት በሚያፈላበት በቦይለር ክፍሉ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። እንፋሎቱ ወደ መተኮሻ ክፍል የሚሄድበትን የቧንቧ መተላለፊያ ከእሱ በስተቀር የሚያውቀው የለም፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፍበት። እዚያ ያሉት ሴቶች በጢስ ታፍነው ነበርና በዚያ እየገባ አንድ በአንድ ሰባቱን አወጣ። ሰባተኛዋን መሬት ላይ አስተኝቶ እያሳለ ቀና ሲል ሰሌዳውን አየ። የወጣውን ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ዘበኛው አውርደዋል፤ አንድ ብቻ ቀርቷል፣ ስልሳ ሁለት።

ዘበኛው ክንዱን ያዙት። "ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! እነዚህ ልጆች እኮ ቆርቆሮ ሰቅለው ይሾልካሉ። መቼ ጠፋህ?" አሉት።

አባዬ ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ? "የሰው ልጅ ታደርገው ይሆናል። የኔ ልጅ አታደርገውም" አላቸው።

ኮቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ገባ። መተላለፊያው ውስጥ ሲጣራ ሰምተውታል። በመጀመሪያ ያንቺን ስም፣ ቀጥሎ የኔን ጠራ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያንቺን፣ እንደገና የኔን። ልጆች ሳለን ሲደነግጥ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር፤ ትልቋን ሳይጠራ ትንሿ ላይ አይደርስም። ባለቤትሽን ካገባሽ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምሽ በቤታችን እንዳይነሳ የከለከለ ሰው፣ ጢስ ውስጥ ሲገባ ረሳው። የጥያቄሽ መልስ ይህ ነው። ጠርቶሻል። የመጨረሻ ጊዜ ከአፉ የወጣው የማናችን ስም እንደሆነ ግን ዘበኛውም አያውቁም።

ዘበኛው ይህን ለሌላ ሰው አልተነፈሱም። ሰባቱ ሴቶችም ራሳቸውን ስተው ስለነበር አልሰሙም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለኔ ሥራ አይደለም፤ አብሮኝ ያደገ ነው።

ከሽልማቱ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መድረክ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ በፖስታ መጣ። እማዬ በየማለዳው ታስነብበኛለች፤ እንደምታውቂው እሷ ማንበብ አትችልም። ጽሑፉ ያምራል። አባዬ "አንቱ" ተብሏል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "ሰባተኛዋን ካወጡ በኋላም የማያውቁትን ሰው ነፍስ ለማትረፍ ለስምንተኛ ጊዜ ገብተው በዚያው ቀሩ።" እማዬ ግን አንድም ቀን እዚያ ድረስ እንዳነብላት አልፈቀደችም። "ሰባተኛዋ ላይ ይብቃ" ትለኛለች። እኔም የሞተበት ቦታ ስለሆነ ነው ብዬ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጣለሁ።

"የማያውቁትን" የምትለዋ ቃል እንጀራ እንኳ አላስበላ አለችኝ። አባቴን የማያውቀኝ ሰው አደረጉት ብዬ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ እውነታቸውን ነው። እሱ የፈለጋት አታደርገውም ያላትን ልጅ ነው። እሷ ደግሞ የትም አልነበረችም።

የሽልማቱ ቀን እማዬ መድረኩን አልወጣም ስላለች ተቀባይዋ እኔ ሆንኩ። እሷን አዳራሹ ፊት ለፊት አስቀመጧት፣ እኔን ከተሸላሚዎቹ ጋር ከጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ጀግኖች ሲባል ትከሻቸው ሰፊ ሰዎች ጠብቄ ነበር። አንዱ ክራንች የያዙ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ፍሬኑ የተበጠሰ አውቶቡስ ከተማሪዎች ላይ አዙረው ከግንብ ጋር ያጋጩ ናቸው። "ሃያ ዓመት በደህና ስነዳ ትራፊክ ሲቀጣኝ ኖረ፤ አንድ ቀን ግድግዳ ገጭቼ ሸለሙኝ" ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ሌላው ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው፣ ሜዳሊያቸውን ተቀብለው ተመልሰው ጎኔ ተቀምጠው ከከረቫታቸው ጋር ይታገላሉ። "ሠላሳ ሜትር ወርጄ እንኳ እንዲህ ታፍኜ አላውቅም" አሉኝ። ፈታሁላቸው።

ለማን እንደምቀበል ጠየቁኝ። ለአባቴ አልኳቸው። እሳቸውም የራሳቸውን ነገሩኝ። ሦስት ሠራተኞች ጉድጓድ ውስጥ በውኃ መሳቢያ ሞተር ጢስ ታፍነው ነበር፤ እሳቸው ወርደው ሁለቱን በሕይወት አወጡ። ሦስተኛው አልተረፈም። ከዚያ እጃቸውን እያዩ፣ "ሞተሩን እታች ያወረድኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። አሁን ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ከሰኩብኝ በኋላማ ማን ይሰማኛል?" አሉ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለማንም ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው። ሰሌዳውን፣ ቆርቆሮዋን፣ አባዬ ያለውን። አልገሠጹኝም፣ አይዞሽም አላሉኝም። የት ሄደሽ ነበር አሉኝ። ነገርኳቸው። "ስንት ወሩ ነው?" አሉኝ።

ከዚያ በክርናቸው ነካ አድርገው፣ "እኔ ዘግይቻለሁ። አንቺ ገና ስምሽ አልተጠራም፤ ሂጂ ንገሪያቸው" አሉ።

ባለ ፋይሏን ሴትዮ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ድምፄ አልወጣ አለ። ሰዉ ይተላለፋል፣ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ከበድ ይላል መሰለኝ፣ "ጮክ በይ ልጄ፣ ጮክ በይ" ይሉኛል። በዕድሜዬ ሙሉ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ነገር ይህ ብቻ ሆነ። "ስምንተኛ ጊዜ የገባው ለኔ ነው! እኔ ደግሞ ውስጥ አልነበርኩም!" አልኩ። በትሪ ብርጭቆ የያዘ አስተናጋጅ ቆሞ አየኝ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ሜዳሊያው ይቀራል፣ እማዬም ባሏን ለሁለተኛ ጊዜ ተቀማች ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን "ሰባቱ ዘመዶቻቸው ነበሩ?" አሉኝ። አይደሉም አልኳቸው። "አንዷም?" አንዷም። ፋይሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰረዟትና፣ "ሜዳሊያው ለሰባቱ ነው። ስምንተኛው የእናንተ የቤታችሁ ነው" አሉኝ። "አሁን ፊትሽን ታጠቢ።"

መድረኩ ላይ ስቆም እማዬን ብቻ ነበር የማየው። አንባቢው ሰባተኛዋ ላይ ደርሶ አቆመ። አዳራሹ አጨበጨበ። እማዬ አላጨበጨበችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሲያወርድ እንደሚያደርገው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ቤት ገብተን ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ "ስምንተኛዋን አስቀረሻት፣ አይደል?" አለችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። "ተይው። ያን ቀን ከዚያ ግቢ የመጣ ሰው ሁሉ ጢስ ጢስ ይሸት ነበር። ያንቺን ሹራብ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ትከሻው ላይ ሕፃን ያገሳው ወተት ነበረበት" አለች።

እህቴ፣ እኔ አንድ ቃል አልነገርኳትም። መገናኘታችንን ለእማዬ ላልነግር የማልኩልሽን አልበላሁም። እሷ ግን ይህን ሁሉ ወር እያወቀች፣ ያን ሁሉ ማለዳ ወረቀቱን ስታስነብበኝ ከርማለች።

ይህን ስታነቢ፣ ልጁን ይዘሽ በከተማችን ስታልፊ መናኸሪያው ላይ ያገኘሁሽን ማክሰኞ እያሰብሽ ቀን መቁጠር እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። እባክሽ አትቁጠሪ። ፈቃድ መጠየቅ ያፈርኩት እኔ ነኝ።

እማዬ ካልሲ መሥራት ጀምራለች። በኪሮሽ ነው፣ ነጭ ክር። የማን እንደሆነ አትናገርም። እግሩን አይታው ስለማታውቅ ትሠራና ይጠባል ብላ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትሠራና ይሰፋል ብላ ትፈታዋለች። ልኩን በወረቀት ስላ ትላክልሽ ወይ ብላት ተቆጣችኝ። "እግር በፖስታ ይላካል እንዴ? ይዛው ትምጣ በያት" አለች።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። ባለቤትሽን ከነጀርባው ያጽናልሽ፣ ልጁን በጤና ያሳድግልሽ። ለኔም የምናገርበትን አንደበት እንዲሰጠኝ ለምኚልኝ፤ ስትመጪ ብዙ የምናወራው አለ።

ታናሽ እህትሽ ነኝ