ድንቢጧ በሐጃ አምና መዳፍ

ነሐሴ 7 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር

ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። ከሱቅ ዐረቢ ገበያ በስብሼ ስገባ ልጄ ሰላም ቤት የለችም። ብርድ የመታት ድንቢጥ አግኝታ፣ እሷን ይዛ ጎረቤታችን ሐጃ አምና ዘንድ ሄዳለች። ከሰል ምድጃው አጠገብ አብረው ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ወፏ በሐጃ መዳፍ ውስጥ ተኮማትራለች።

«ዩማ፣ ትድናለች?» ስትላቸው ሰማሁ። በዐረብኛ እናቴ አለቻቸው። እኔን እማዬ ካለችኝ ሰንብታለች።

«ኢንሻአላህ» አሉ ሐጃ።

«አምጪያት፣ እኔ ልያዛት» አልኳት።

«እጅሽ በረዶ ነው፣ ተያት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

እጄን ከሰሉ ላይ ዘርግቼ አሞቅሁ፤ እስኪያቃጥለኝ ድረስ አልሰበሰብኩትም። ሐጃ ገብቷቸው ወፏን ሊያቀብሉኝ ሲሉ ሰላም ክንዳቸውን ያዘች።

ክፉ ሴት ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።